ልጅሽ አልሰነፈም፤ ጊዜ አጥሮት ነው

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የ13 ዓመት ልጅሽ መልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤምኤስ) የሚባለው የነርቭ በሽታ እንዳለበት ከታወቀ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ይራመዳል፣ ይሮጣል፣ ደብዝዞ የነበረው ዓይኑም ተመልሷል። የቅርቡ ኤምአርአይ (የአንጎል ምስል) አዲስ ነገር አላሳየም። ግን ድሮ ጎበዝ የነበረው ልጅ አሁን የነገሩትን ይረሳል፣ ደብተር ከፍቶ ይፈዛል፣ ውጤቱም ወርዷል። መምህሩ «ሰንፏል» ይላል፣ አባቱ «ስልኩ ነው» ይላል። አንቺ ደግሞ «ኤምኤሱ ነው ወይስ ጉርምስናው?» ብለሽ ጠየቅሽ።

ሐኪም አይደለሁም። ልጄ በ11 ዓመቷ ኤምኤስ ተገኘባት፤ አሁን 17 ሞልቷታል። ያንቺን ጥያቄ እኔም ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። የተሳሳተ መልስ ይዤም ልጄን በድያታለሁ። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም ነው፣ ታገሺኝ።

በ12 ዓመቷ የሒሳብ ፈተና ወረቀት ይዛ መጣች። ከ40 ያገኘችው 23 ነው። ከዚያ በፊት ከ35 ወርዳ አታውቅም። ወረቀቱን ሳላገላብጥ ቁጣ ጀመርኩ። «ስልክሽን እሰብረዋለሁ» አልኩ፤ ሌላም መናገር ያልነበረብኝን ተናገርኩ። ማታ ከተኛች በኋላ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አገኘሁትና አየሁት። ከ1 እስከ 23 ያለው ሁሉ ልክ ነው። አንድም ስህተት የለበትም። ከ24 ጀምሮ ባዶ ነው። ሙከራ የለ፣ ስርዝ የለ፣ ምንም የለ። ጠዋት ጠየቅኳት። «እማ፣ መልሱን አውቀዋለሁ እኮ። እስኪመጣልኝ ሰዓቱ ያልቃል» አለችኝ።

ኤምኤስ ያለበት ልጅ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነካው ይኼ ነው። ዕውቀቱ አለ፣ ፍጥነቱ ግን ይቀንሳል።

የነርቭ ክሮቻችን ማይሊን የሚባል ሽፋን አላቸው። መልእክት ቶሎ የሚያልፈው በሱ ነው። በኤምኤስ የሰውነት መከላከያ ራሱ ሽፋኑን ያጠቃዋል። ሽፋኑ ሲጎዳ መልእክቱ ይዘገያል፣ አንዳንዴም መንገድ ላይ ይቀራል። ትልቅ ሰው ላይ ሲመጣ ሽፋኑ ተሠርቶ ያለቀ ነው። ልጅ ላይ ግን ገና እየተሠራ ነው፤ ሥራው እስከ 20ዎቹ ዕድሜ ይዘልቃል። ለዚህ ነው በሽታው በለጋ ዕድሜያቸው የጀመራቸው ልጆች በማሰብና በማስታወስ በኩል ይበልጥ የሚጎዱት። ኤምኤስ ካለባቸው ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል በምርመራ የሚለካ ችግር አለበት። ከፍጥነት ሌላ ትኩረት፣ ማስታወስ፣ ሥራን አቅዶ መጨረስ፣ እንዲሁም ቃል ፈልጎ ማግኘት ይከብዳቸዋል። የኔዋ «ያ... ያ ነገር» እያለች በእጇ ታሳየኝ ነበር። እኔ ደግሞ የልጅ ጠባይ መስሎኝ እስቅ ነበር።

እግሩ ደህና መሆኑ እንዳያዘናጋሽ። ማሰብና መራመድ አብረው አይወድቁም፣ አብረውም አይነሱም። ኤምአርአዩ «አዲስ ነገር የለም» ማለቱም በሽታው አንጎሉ ላይ የተወው አዲስ ጠባሳ የለም ማለት ብቻ ነው። የድሮው ጠባሳ ያዘገየውን አይነግርሽም።

ዋናው ምክሬ ይኸውና፤ አስለኪው። ለነርቭ ሐኪሙ «ልጄ ይረሳል» ብቻ ብትዪው «ዕድሜው ነው» ሊልሽ ይችላል። እኛን ብሎናል። «የማሰብ ፍጥነቱ ይለካልኝ» በዪው። አንድ አጭር ፈተና አለ። ወረቀቱ አናት ላይ ዘጠኝ ምልክቶች አሉ፣ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 9 የራሱ ቁጥር አለው። ከሥር ምልክቶቹ ተደበላልቀው ይደረደራሉ። ልጁ በ90 ሰከንድ ውስጥ የቻለውን ያህል ምልክት በቁጥሩ ይጠራል። ቀላል ይመስላል፣ ግን ዝግመትን ጥሩ አድርጎ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የባለሙያዎች ምክር ከ8 ዓመት ጀምሮ ያለ ልጅ ሁሉ በሽታው በተረጋጋበት ሰዓት አንድ ጊዜ እንዲለካ፣ ከዚያም በየዓመቱ በዚያው ፈተና እንዲደገምለት ይላል። ልጁ የሚወዳደረው ከራሱ ጋር ነው። ይህ መነሻ ብቻ ነው። ዝቅ ካለ ኒውሮሳይኮሎጂስት (ማሰብንና ማስታወስን የሚመረምር ባለሙያ) ዘንድ ሰዓታት የሚወስደውን ሙሉ ምርመራ ጠይቂ።

የኔ ልጅ ሙሉ ምርመራውን ያደረገችው በ13 ዓመቷ ነው። በቃላት ዕውቀትና በመረዳት ከዕድሜዋ በላይ ወጣች። በፍጥነት ግን በጣም ዝቅ አለች። አንድ ነገር ልብ በዪ፤ ሁለቱ ተደምረው አማካይ ሲወጣላቸው «መካከለኛ» ይሆናሉ። አማካዩን ብቻ ያየ ሰው ደህና ናት ይላል። ስለዚህ ውጤቱን በየክፍሉ አስረዱኝ በዪ።

አሁን ስለ አባቱ። ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ዘግይቶ መተኛት የማንንም ልጅ ትኩረት ይጎዳል፣ ኤምኤስ ያለበትንማ እጥፍ። ሌሎችም የሚደራረቡ ነገሮች አሉ። የኤምኤስ ድካም ተኝተው ሲነሱ የሚጠፋ ዓይነት አይደለም። ሰውነት ሲሞቅም፣ በትኩሳትም ሆነ በስፖርት፣ ምልክቶች ለጊዜው ይብሳሉ፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳሉ። በሽታው ሲያገረሽ የሚሰጠው ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት እንቅልፍ ይነሳል፣ ጠባይም ይለውጣል። ከሁሉም ይበልጥ ግን ድባቴን አትርሺ። በነዚህ ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል፣ መልኩም ልክ ስንፍና ይመስላል። በቀጥታ ጠይቂው። እኔ ስጠይቃት ልጄ ለአንድ ዓመት ያህል «ደደብ እየሆንኩ ነው» እያለች ለራሷ ስትነግር እንደነበር ነው የሰማሁት። ማንም በሽታው ይህን እንደሚያደርግ አልነገራትም። እኔም ጭምር። ልጅሽ 13 ዓመቱ ነው፣ ይገባዋል። ንገሪው።

ትምህርት ቤቱ ጋ መጀመሪያ እንቢታ ነው የጠበቀን። «ለአንዷ ጊዜ ከጨመርን ሌሎቹስ?» አሉ። የሐኪም ደብዳቤ አስገባሁ፣ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ያቺን የሒሳብ ፈተና የመሰለች ሌላ፣ ግማሿ ባዶ የሆነች ወረቀት ይዤ መምህሯ ዘንድ ሄድኩ። «ውጤቷ እንዲቀየርላት አይደለም። ባዶውን ብቻ ነገ ፊትዎ ትሥራው» አልኩ። 17 ጥያቄ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሰጣት፣ 15ቱን አገኘች። እሱ ራሱ ነው ወደ ርእሰ መምህሩ ይዞን የሄደው።

አሁን የሚደረግላት ይኸው ነው። ለፈተና ተጨማሪ ሰዓትና ጸጥ ያለ ክፍል አላት። ማስታወሻ ከሰሌዳ ከመገልበጥ ይልቅ በወረቀት ይሰጣታል። ከባዱ ትምህርት ጠዋት ላይ ነው። መሃል ላይ አሥር ደቂቃ አረፍ ትላለች። አንድ ዓይነት ሒሳብ አምስቱን ሠርታ ከገባት ሃያውንም አትሠራም። ከነዚህ ሁሉ አንዱን ምረጪ ብትዪኝ ሰዓቱን እመርጣለሁ። በሰዓቱ ላይ አትደራደሪ።

ቤት ውስጥ ደግሞ እኔ ነኝ የተለወጥኩት። ድሮ «ክፍልሽን አስተካክዪ፣ ልብስ አውጪ፣ ለአያትሽ ደውዪ» እል ነበር፣ በአንድ ትንፋሽ። አንዱን አድርጋ ትቆማለች። አሁን አንድ እነግራታለሁ፣ ሲያልቅ ሁለተኛውን። «ነግሬሽ አልነበር?» የሚለውን ቃል ከቤታችን አውጥተነዋል። ስልኩንም ጠላት አታድርጊው። ልጄ ሰሌዳውን ፎቶ ታነሳበታለች፣ መድኃኒቷን በማንቂያ ደወሉ ትወስዳለች። ከመኝታ ሰዓት ጀምሮ ግን ስልኩ ሳሎን ያድራል።

የአእምሮ ጨዋታ አፕ ልግዛለት ወይ ብለሽ ነበር። እኛ ገዝተን ነበር። ጨዋታው ላይ በጣም ጎበዝ ሆነች፣ ሒሳቧ ላይ ግን ምንም አልጨመረም። እኔ ብሆን ገንዘቡን አላወጣም። መዋኘት ግን ብዙ ረድቷታል፤ እንቅልፏም ስሜቷም ተስተካከለ።

የጠፋውን ፍጥነት የሚመልስ መድኃኒት የለም። ግን አዲስ ጉዳት መከላከል ይቻላል፣ ይህም የልጁን አእምሮ መጠበቅ ነው። በልጆች ላይ ኤምኤስ ከትልልቆቹ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ያገረሻል። እ.ኤ.አ. በ2018 ፊንጎሊሞድ የሚባል የኤምኤስ መድኃኒት ከ10 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች በአሜሪካ ተፈቀደ። በልጆች ላይ በተደረገው ጥናት ኢንተርፌሮን ከሚባለው ሌላ የኤምኤስ መድኃኒት ጋር ሲነጻጸር ማገርሸቱን በ82 በመቶ ቀንሷል። ይኼኛው ለልጅሽ ይሁን አልልሽም፣ ያ የሐኪሙ ሥራ ነው። ግን «አሁን የሚወስደው በቂ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። እሱ ራሱ መድኃኒቱን በትክክል መውሰዱንም ሳትቆጪ አረጋግጪ፤ በዚህ ዕድሜ መዝለል ይጀምራሉ።

ደግሞ ሁሉም ልጅ እየባሰበት አይሄድም። የኔ ልጅ ከ13 ዓመቷ ወዲህ በየዓመቱ ስትለካ ያው ነች፣ አንድ ዓመት እንዲያውም ትንሽ ከፍ ብላለች።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጊልኝ። የልጅሽን የመጨረሻ ሁለት ሦስት የፈተና ወረቀቶች አውጪና ከኋላ ጀምረሽ እያቸው። የተሳሳተ ነው ወይስ ባዶ? ያየሽውን እዚሁ ጻፊልኝ፣ ለሐኪሙ የምትወስጂውን ደብዳቤ አብረን እናዘጋጃለን።