ታካሚ በዲጂታል ማስታወቂያ ስለመሳብ፦ ጥያቄና መልስ

የክሊኒኮችን ማስታወቂያና ዳታ እሠራለሁ። ጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል፦ የታካሚ መረጃ አደራ ነው፣ ለማስታወቂያ አይውልም።

የጥርስ ሐኪም፦ ፌስቡክ ላይ ከፍዬ አስተዋወቅሁ። ላይክ በሽ ነው፣ ታካሚ ግን የለም።

መልስ፦ ዶክተር፣ ላይክ ቀጠሮ አይደለም። ስንት ሰው ማስታወቂያውን እንደነካ፣ ስንቱ እንደደወለ፣ ስንቱ ቀጠሮ እንደያዘ፣ ስንቱ በአካል እንደመጣ ይቁጠሩ። 20 ሰው ደውሎ 12ቱ ስልክ የሚያነሳለት ካጣ፣ ማስታወቂያውን መቀየር ምንም አይፈይድም። ስልክ የሚያነሳ ሰው ያስፈልግዎታል። አዲስ ታካሚ ሲመጣ "በምን አገኙን?" ተብሎ ይጠየቅ፣ መልሱም ይመዝገብ። ከዚያ የማስታወቂያውን ወጪ በእውነት ለመጡት ሰዎች ቁጥር ያካፍሉ። ትክክለኛው ዋጋ እሱ ነው። ደግሞም ጥርሱ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘው ያደረ ሰው ጎግል ላይ ነው የሚፈልግዎት። እዚያ ያለው አድራሻ፣ ስልክና የሥራ ሰዓት ልክ ነው?

የክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ፦ የነባር ታካሚዎቻችንን ስልክ ቁጥር ፌስቡክ ላይ ጭነን የሚመስሏቸውን ሰዎች ልንፈልግ አስበናል።

መልስ፦ እባክህ አታድርገው! ጉድአርኤክስ የሚባለው የመድኃኒት ቅናሽ ድርጅት የገጠመውን እይ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2023 እ.ኤ.አ. ሲከሰው አንዱ ነጥብ ይኸው ነበር፦ የተወሰነ መድኃኒት የገዙ ሰዎችን ኢሜይልና ስልክ ፌስቡክ ላይ ጭኖ ማስታወቂያ አሳይቷቸዋል። 1.5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ድረ ገጽ ላይ የምትገጥሙት ፒክስል የሚባለው የመከታተያ ኮድም ያው ነው። ማን የትኛውን ገጽ እንደከፈተ ለማስታወቂያው ድርጅት ይነግራል። ገጹ "የኤችአይቪ ምርመራ ቀጠሮ" ከሆነ ምን እንደነገረ አስበው። ከቀጠሮ ገጾች ላይ ዛሬውኑ አንሱት።

አንድ አባል፦ ቁጥሩ እኮ ሃሽ ተደርጎ፣ ማለትም ወደማይነበብ ኮድ ተቀይሮ ነው የሚላከው። ማንም አያነበውም።

ሌላ አባል፦ ካልታወቀ ታዲያ እንዴት ነው ማስታወቂያው ለሰውየው የሚደርሰው?

ሦስተኛ አባል፦ እኔን ከጠየቃችሁ ሐኪም ማስታወቂያ መሥራቱ ራሱ ነውር ነው። ጥሩ ሐኪም በስሙ ይታወቃል።

ሌላ አባል፦ አዲስ የተመረቀውስ? ስሙን ማን ይወቅለት?

መልስ፦ የነውሩን ክርክር ለእናንተ ልተወው። ሃሽ ግን ስም አይደብቅም። ፌስቡክ በእጁ ያሉትን ቁጥሮች በዚያው መንገድ ቀይሮ ያመሳክራል፣ ሰውየውንም ያገኘዋል። በኢንተርኔት የሥነ ልቦና ምክር የሚሰጠው ቤተርሄልፕም የደንበኞቹን ኢሜይሎች ሃሽ አድርጎ ነበር የላከው። 7.8 ሚሊዮን ዶላር ከመክፈል አላዳነውም።

ጥያቄ፦ ቲክቶክ ይሻላል ኢንስታግራም?

መልስ፦ ለየትኛው ሕክምና? ለማን? ይህን ሳትነግረኝ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ ጥሩ አስተያየት ለሚጽፍልን ቅናሽ ብናደርግስ?

መልስ፦ አይሆንም። የጎግል ደንብ ይከለክላል። የተደሰተውንም ያዘነውንም እኩል ጠይቁ። ለወቀሳ ስትመልሱ ደግሞ ሰውየው እናንተ ጋ መታከሙን እንኳ አታረጋግጡ። "ደውሉልን፣ እንነጋገር" ይበቃል። አሁንም እላለሁ፦ መረጃው የታካሚው ነው።

ጥያቄ፦ ብዙ ታካሚ እንዴት እናግኝ?

መልስ፦ ለዶክተሩ የመለስኩትን አንብብ። እባካችሁ፣ ከመጠየቃችሁ በፊት ከላይ ያለውን እዩ።

ነርስ፦ ቀጠሮ ይዘው የሚቀሩብን ብዙ ናቸው። የጽሑፍ መልእክት ይረዳል?

መልስ፦ በጣም ይረዳል፣ እህቴ። አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ላኩ፣ ቀኑን በቀላሉ መቀየር ይቻላቸው። ቀንና ሰዓት ብቻ ጻፉ። የበሽታውንም የክፍሉንም ስም አትጻፉ፤ ስልኩን የሚያየው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።