ዶልፊን ድንበር አለው?

ጥያቄ፦ ግብፅ፣ ሁርጋዳ ባሕር ላይ በጀልባ ስንዝናና ዶልፊኖች ሲነካከሱ አየን። አስጎብኚው «ባዕድ ክልላቸው ገብቶባቸው ነው» አለን። እውነት ዶልፊን እንደ ጅብ ድንበሩን ያስከብራል? ገላቸው ላይ ያለው ጭረትስ ምንድን ነው? (አንዲት አንባቢ፣ ከዱባይ)

መልስ፦ የአስጎብኚው ስሕተት «ክልል» የምትለዋ ቃል ናት።

ጅብ ወሰኑን በጠረን ምልክት ያደርጋል፤ ጎረቤቱ አሽትቶ ያውቃል። ዶልፊን ግን ጭራሽ አያሸትም። ምግቡም የሚዋኝ ዓሣ ነው፤ ዛሬ የጠበቁት ውሃ ነገ ባዶ ሊሆን ይችላል። ደግሞስ ባዕዱ ከታችም ከላይም የሚገባበትን ቦታ ማን ዘብ ቆሞ ይጨርሰዋል? ስለዚህ ዶልፊን ያለው መዋያ ነው እንጂ ርስት አይደለም። ፍሎሪዳ፣ ሳራሶታ ውስጥ ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚጠኑት ዶልፊኖች ትውልድ በትውልድ እዚያው ይኖራሉ፤ መዋያቸው ግን ከጎረቤቶቻቸው ጋር የተደራረበ ነው፣ እንደ ጋራ ግጦሽ።

ወንዶቹ በብዛት የሚጣሉት በሴት ነው። ይህ በደንብ የታየው ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ሻርክ ቤይ ነው። እዚያ ሁለት ወይም ሦስት ወንዶች አንዲት ሴት ከበው ይነዳሉ፤ አንዳንዴ ለሰዓታት፣ አንዳንዴ ለሳምንታት። አንዱ «ፖፕ፣ ፖፕ» የሚል ወፍራም ድምፅ ካሰማ «ጠጋ በይ» ማለቱ ነው፤ እምቢ ካለች ይነክሳታል ወይም በጭራው ይመታታል። ከእነዚህ ወንዶች ጀርባ ደግሞ ከ4 እስከ 14 አባላት ያሉት ማኅበር አለ። ተቀናቃኝ ሴቷን ሊቀማ ሲመጣ አጋሮቹ ይደርሱላቸዋል፤ ያኔ ነው ጠቡ የሚከረው።

ጭረቶቹ የጥርስ አሻራ ናቸው። ተርታ የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች ካየሽ የሌላ ዶልፊን ጥርስ ነው፤ የሻርክ ንክሻ ግን እንደ ግማሽ ጨረቃ ይጎብጣል። ሁሉም ጭረት የጠብ አይደለም፤ ወጣቶች ሲላፉም ይጫጫራሉ።

ወደ ውሃ ከገባሽ የሚያስፈልግሽ ምልክቱን ማወቅ ነው፦ አፉን ከፍቶ ፊት ለፊት መቆም፣ መንጋጋን «ቀጭ» አድርጎ መግጠም፣ ጭራን በውሃ ላይ ደጋግሞ መምታት። ያኔ እጅሽን ሰብስበሽ፣ ሳትንቦጫረቂ ቀስ ብለሽ ራቂ። በተለይ ከመንጋው ተነጥሎ ሰው የለመደውን አትንኪ፤ በ1994 (እ.ኤ.አ.) ብራዚል ውስጥ ሰዎች ሲያስቸግሩት የነበረ አንድ ዶልፊን ዋናተኛ ገድሏል። ግብፅ፣ ማርሳ ዓለም አጠገብ ያለው የሳማዳይ ሪፍ (የባሕር ውስጥ የኮራል አለት) ውስጠኛ ክፍል ለዋናተኛ የተከለከለው ግን በሌላ ምክንያት ነው፦ እዚያ ያሉት ሌሊት አድነው ቀን የሚያርፉ ናቸው፤ ተከትለሽ ከዋኘሽ እንቅልፍ ትነሻቸዋለሽ።