ቪዛው እስር ቤት እያለ ለተሰረዘበት ወንድምሽ

እህቴ፣ አውስትራሊያ ውስጥ 14 ወር የተፈረደበት ወንድምሽ እስር ቤት እያለ ቪዛው ስለተሰረዘ «አለቀለት ወይ?» ብለሻል። አላለቀለትም። ግን ጊዜ የላችሁም።

12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ተፈርዶበት እስሩን እየፈጸመ ያለ ሰው ቪዛው በግዴታ ይሰረዛል። እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ሕጉ እንዲህ ነው። ክርክሩ የሚመጣው ከስረዛው በኋላ ነው። ደብዳቤው ከደረሰው አንስቶ በ28 ቀን ውስጥ ስረዛው እንዲነሳለት ማመልከት አለበት። ቀኑ አይራዘምም።

«ተጸጽቻለሁ» ብቻ አይበቃም፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ልጆች ካሉት ስለ እነሱ በዝርዝር ይጻፍ፤ የልጆች ጥቅም ራሱን ችሎ ይመዘናል። የሥራ ታሪኩ፣ እዚያ ያሉት ቤተሰቦቹ ደብዳቤ፣ እስር ቤት የወሰደው ሥልጠና፣ ሲፈታ የት እንደሚኖር፣ ሁሉም ይግባ። ጥፋቱ የቤት ውስጥ ጥቃት ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ቢሆንም አታድበስብሱ፣ የፍርድ መዝገቡ በወሳኞቹ እጅ ነው።

እምቢ ከተባለ የአስተዳደር ውሳኔዎችን ለሚገመግመው ትሪቡናል ይግባኝ የሚልበት 9 ቀን ብቻ አለው። የወሰነው ሚኒስትሩ ራሱ ከሆነ ግን ትሪቡናሉ አያየውም። የሚቀረው ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፤ እሱም የሚያየው የሕግ ስህተት መኖሩን ብቻ ነው። ጠበቃ ዛሬውኑ ፈልጉ። አቅም ከሌላችሁ ሊጋል ኤይድን (አቅም ለሌላቸው የሕግ ድጋፍ የሚሰጠውን ተቋም) ጠይቁ።