እናታችን ትረፍ ብለን አስቀመጥናት፤ ጉልበቷ ግን ባሰባት

ጥያቄ፦ ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ክብደቷ 68 ኪሎ። ጉልበቷን መታመም ከጀመረች ቆይታለች። “ብዙ ለፍታለች፣ አሁን ትረፍ” ብለን ሠራተኛ ቀጠርን፤ እንጀራ መጋገሩንም ገበያ መሄዱንም ከለከልናት። አሁን ከሶፋ የምትነሣው በሁለት እጇ ተደግፋ ነው። ጠዋት ጉልበቷ ደርቆ ሩብ ሰዓት ያህል ታነክሳለች። ሲብስባት ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ገዝተን እንሰጣታለን። ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለስኳር ሜትፎርሚን ትወስዳለች። አጽዋማትን አታጓድልም። ሰሞኑን የሰው ስም ይጠፋባታል፣ ያስቀመጠችውን ዕቃ ትረሳለች። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ለመገጣጠሚያ ግሉኮሳሚን፣ “ለአእምሮ” የሚባል ቫይታሚንም ልኮላታል። እርጅና ነው ብለን እንተወው?

ስ. ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እርጅና አለበት፤ እርጅና ብቻ ግን አይደለም። ከጻፉልኝ ሁሉ ያሳሰበኝ ዕረፍቱና የመድኃኒቱ አወሳሰድ ነው።

ጡንቻ ከ30 ዓመት በኋላ በየዐሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ከ60 ወዲህ ይፈጥናል። ኃይሉ ደግሞ ከመጠኑ ቀድሞ ይሄዳል። አስቀድመው የሚሳሱት ፈጣኖቹ የጡንቻ ክሮች ናቸው፤ ሰው ሲደናቀፍ እግሩን ቶሎ ሰንዝሮ ከመውደቅ የሚተርፈው በእነሱ ነው። መቀመጥ ሲጨመርበት የባሰ ነው፦ ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀን አልጋ ላይ እንዲውሉ በተደረገ ጥናት ከእግሮቻቸው ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ቀንሷል። እናትዎም በእጃቸው የሚደገፉት ጉልበታቸው ስላመማቸው ብቻ አይመስለኝም፤ የጭናቸው የፊት ጡንቻ ከድቷቸዋል። ያ ጡንቻ ሲደክም ጫናው ወደ መገጣጠሚያው ያልፋል፣ ሕመሙ ይብሳል፣ እናንተም ይበልጥ ታስቀምጧቸዋላችሁ።

መገጣጠሚያውም ቢሆን መቀመጥ አይስማማውም። የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ጉልበት ሲጫንና ሲለቀቅ እንደ ስፖንጅ ከሚስበው ፈሳሽ ነው። የጠዋቱ መድረቅ ከ30 ደቂቃ በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከዕድሜ ጋር የሚመጣው የመገጣጠሚያ መበላት ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ቢቆይና የእጅ ጣቶችም ቢያብጡ ግን ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ሥራው ከወንበር ይጀመር። ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፉ። እናትዎ ወደ ጫፉ ይቀመጡ፤ ተረከዛቸውን ከጉልበታቸው ትንሽ ወደ ኋላ ያድርጉ፣ ደረታቸውን ወደ ፊት ያዘንብሉና ያለ እጅ ይነሡ። ሲቀመጡ እስከ ሦስት እየቆጠሩ ቀስ ብለው ይውረዱ፤ ዘፍ ካሉ የሥራው ግማሽ ቀረ ማለት ነው። 8 ጊዜ፣ ሁለት ደቂቃ ዕረፍት፣ እንደገና 8 ጊዜ፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቀን እያሳለፉ። ካቃታቸው ትራስ ጨምራችሁ መቀመጫውን ከፍ አድርጉት፤ ሲጠነክሩ ይቀነሳል። 12 ጊዜ ሲቀላቸው በየእጃቸው አንድ ሊትር ውኃ የሞላ ጠርሙስ ይያዙ። በሥራው ጊዜ ትንሽ ቢያም ምንም አይደለም፤ በማግስቱ ጉልበቱ ካበጠ ግን በዝቷል፣ ቀንሱት። በየወሩ አንዴ እጅ ደረት ላይ አጣምረው አምስት ጊዜ ተነሥተው እስኪቀመጡ በሰዓት ያዙ፤ ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ጡንቻው ገና ደካማ ነው።

ገበያውን መልሱላቸው። ምጣዱንም እንዲሁ፤ ዱካ ላይ ተጎንብሶ መጋገር ግን ጉልበትን ስለሚያጥፍ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ጠረጴዛ ላይ አውጡት። ከዘራ ከያዙ በደህናው ጉልበት በኩል ይሁን (አብዛኛው ሰው በታመመው በኩል ይይዛል)፤ ቁመቱም ክንድ ሲንጠለጠል እስከ እጅ አንጓ ይድረስ።

ወደ መድኃኒቱ ስመጣ፣ ዲክሎፌናኩን ዛሬውኑ ተዉት። ከኢናላፕሪልና ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር ሲደረብ ሦስቱ ተጋግዘው ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ፤ ዲክሎፌናክ የደም ግፊቱንም ከፍ ሊያደርገው፣ ጨጓራንም ሊያደማ ይችላል። የግፊቱን መድኃኒት ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ለሕመሙ ጉልበት ላይ የሚቀባ የዲክሎፌናክ ጄል፣ ወይም ፓራሲታሞል፦ በአንድ ጊዜ ሁለት ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ፣ በቀን ከ6 ፍሬ ሳይበልጥ፤ ጉበታቸው ደህና ከሆነ።

ግሉኮሳሚን በትልልቅ ጥናቶች መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ኪኒን ያን ያህል የተለየ ውጤት አላሳየም። ወንድምዎ ገንዘቡን ለላቦራቶሪ ቢልክ እመርጣለሁ፤ በተለይ ለቫይታሚን ቢ 12። ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮው የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከዓሣ ነው፤ በዚያ ላይ ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ወደ ሰውነት መግባቱን ይቀንሰዋል። እናትዎ የሚጾሙም ሜትፎርሚን የሚወስዱም ስለሆኑ ማጣራቱ ግድ ነው። እጥረቱ መርሳትን፣ የእግር መደንዘዝን፣ ሲራመዱ መንገዳገድን ያመጣል፤ “እርጅና ነው” ተብሎም ይታለፋል። በጊዜ ከተገኘ ግን በመርፌ ወይም በኪኒን ይታከማል።

ጡንቻ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። ኩላሊታቸው ደህና ከሆነ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም፣ ማለትም ለ68 ኪሎ ከ68 እስከ 82 ግራም ያስፈልጋቸዋል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው፤ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም፣ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ 7 ግራም። በጾም ቀን በአንድ ማዕድ ትንሽ ሽሮ ጣል ያለበት እንጀራ ከዚህ አጠገብ አይደርስም። ከሰዓት በኋላ ሲፈቱ ምስር ወይም ባቄላ በርከት ብሎ ይቅረብ፤ ማታም ይደገም። ስኳር ላለበት ሰው ረጅም ሰዓት መጾም የመድኃኒቱን ሰዓት ስለሚነካ ከሐኪማቸውም ከንስሐ አባታቸውም ጋር ይነጋገሩበት።

ስለ መርሳቱ፦ አእምሮ በዕድሜ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ የቃላት ሀብቱ ብዙም አይጎድልም። የጠፋ ስም ቆይቶ ከመጣ፣ የተረሳ ዕቃ ተፈልጎ ከተገኘ አያስደነግጥም። የለመዱት መንገድ ከጠፋባቸው፣ ገንዘብ መቁጠር ካቃታቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ያፈሉትን ቡና ቅደም ተከተሉን ከሳቱት ግን የአእምሮ ሐኪም ይያቸው። ጆሯቸውንም አስመርምሩ፤ ያልሰሙትን ነገር የረሱት ይመስላል። ለጉንፋን የሚሰጠው ክሎርፌኒራሚንም በዚህ ዕድሜ ሐሳብን ያደበዝዛል። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ በድንገት ግራ ከተጋቡ ደግሞ ኢንፌክሽን፣ የመድኃኒት ጠንቅ፣ ወይም ከሳምንታት በፊት ወድቀው ከነበረ የጭንቅላት ውስጥ መድማት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷቸው። ጉልበታቸው ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ሲጨመርበትም እንዲሁ።

ክሊኒክ ስትሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከአሜሪካ የመጣውንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ያዙ። የኩላሊት (ክሬአቲኒን)፣ የቢ 12፣ የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራ ጠይቁ።