የሬቲና ካሜራ ከሌለ ስልክ ይበቃል?

ጥያቄ፦ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ክሊኒካችን የዓይንን ውስጠኛ የኋላ ሽፋን (ሬቲናን) የሚያነሳ ካሜራ የለውም። የስኳር ሕመምተኞቼን ዓይን በስልኬ አንስቼ ለዓይን ሐኪም ብልክ ይጠቅማል? ስሞክር የሚታየኝ የፍላሹ ነጸብራቅ ብቻ ነው።

መልስ፦ በጣም ይጠቅማል! የዓይን ሐኪም ስለሆንኩ እንዲህ ያሉ ምስሎች ይላኩልኛል። ጥሩ ሆኖ የተነሳ ምስል ማን ቶሎ መታየት እንዳለበት ለመለየት ይረዳኛል።

ስልክ ብቻውን ግን ሬቲናን አያነሳም። 20 ዳዮፕተር ሌንስ (የዓይን ሐኪም ሬቲናን ለማየት በእጁ የሚይዘው አጉሊ ሌንስ) ያስፈልግዎታል። ሌንሱን ከታካሚው ዓይን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀው ይያዙት፤ ስልኩን ደግሞ ከሌንሱ ወደ ኋላ ራቅ ያድርጉት። ፎቶ አያንሱ፣ ቪዲዮ ይቅረጹ። ፍላሹ ሳይጠፋ ይብራ፤ በኋላ ጥርት ያለውን ምስል ከቪዲዮው ይመርጣሉ። ክፍሉን ያጨልሙ፣ የስልኩን ፎከስና የብርሃን መጠን ይቆልፉ። ነጸብራቅ ካስቸገረዎት ሌንሱን በትንሹ ዘንበል ያድርጉት። ምስሉ ተገልብጦ ይታያል፤ ላይ የነበረው ታች፣ ግራ የነበረው ቀኝ ይሆናል። ስለዚህ ገልብጠው እንደላኩ ወይም እንዳልገለበጡ ይንገሩን።

ብሌኑ ካልሰፋ ብዙ አይታይዎትም። ትሮፒካማይድ ጠብታ አድርገው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ከጠብታው በፊት ግን የዓይኑ የፊት ክፍል ጠባብ አለመሆኑን ያረጋግጡ፤ ጠባብ ከሆነ ጠብታው ድንገተኛ ግላኮማ (የዓይን ውስጥ ግፊት መጨመር) ሊቀሰቅስ ይችላል። ታካሚው ለጥቂት ሰዓት እይታው ስለሚደበዝዝ መኪና መንዳት የለበትም።

አሁን የሚያሳስበኝን ልንገርዎት። ንጹህ ምስል ማለት ጤነኛ ዓይን ማለት አይደለም። የሬቲናው ዳርቻ በስልክ በደንብ አይታይም። ታካሚው ድንገት ብልጭታ፣ ብዙ ተንሳፋፊ ነጥቦች ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካየ፣ ምስልና መልስ እየጠበቁ አይቆዩ፤ ታካሚውን በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ይላኩት። በስኳር ሕመም የሚመጣው የማኩላ (የሬቲናው መሃል) እብጠትም ጠፍጣፋ ምስል ላይ ሊደበቅ ይችላል። እይታው የቀነሰ ሰው ምስሉ ምንም ቢያምር መላክ አለበት።

ለዚህ ነው የእይታ ልኬት የሌለው ምስል ሲደርሰኝ የምቸገረው። የሁለቱንም ዓይን ልኬት፣ የትኛው ዓይን እንደሆነና ስኳሩ ስንት ዓመት እንደቆየ አብረው ይላኩ። እውነቴን ነው፣ አንዳንዴ ከምስሉ ይልቅ ይህ መረጃ ይበልጥብኛል።

ለኮርኒያ (የዓይን የፊት ግልጽ ሽፋን) ቁስልና ለመሳሰሉት የፊት ክፍል ችግሮች ነገሩ ይቀልልዎታል። ስሊት ላምፕ (ዓይንን አጉልቶ የሚያሳይ መመርመሪያ መሣሪያ) ካለ ስልኩን መመልከቻው ላይ በመያዣ ማሰር ይበቃል።

ታካሚውን ሳያስፈቅዱ አያንሱ። ምስሉ ላይ ስም አይኑር። ስልክዎ ፎቶዎችን በራሱ ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ የሚልክ ከሆነ ያንን ያጥፉት። ምስሉ የታካሚው መዝገብ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ከስልክዎ ይሰርዙት።