የስካንዲኔቪያ ብርጭቆ፦ ገልብጠው ሳያዩ አይግዙ

ጥያቄ፦ አገሩ ሊመለስ የቤት ዕቃውን ከሚሸጥ የውጭ ሰው አፉ እንደ ማዕበል የሚጠማዘዝ የአበባ ማስቀመጫ ገዛሁ። ጎኑ ላይ ቀይ ክብ ውስጥ ነጭ የላቲን ፊደል «i» (አይ) የተጻፈበት ስቲከር አለ። «የፊንላንድ ነው፣ የአልቫር አልቶ» ብሎኛል። እውነት መሆኑን በምን ልወቅ?
(ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ስቲከሩን ለጊዜው ይተዉት። ምልክቱ የፊንላንዱ ኢታላ የብርጭቆ ፋብሪካ የቆየ ዓርማ ነው፤ ዲዛይነሩ ቲሞ ሳርፓኔቫ በ1956 እ.ኤ.አ. ነደፈው። ነገር ግን ስቲከር ከአንዱ ዕቃ ተልጦ ሌላው ላይ ሊለጠፍ ይችላል። የሚታመነው ብርጭቆው ራሱ ነው።

የፊንላንዱ አርክቴክት አልቶ ይህን ቅርጽ የነደፈው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዓመቱ ፓሪስ ላይ ለዕይታ ቀረበ፣ «ሳቮይ» የሚለውን ስም ያገኘው ከሄልሲንኪው ምግብ ቤት ነው። ብርጭቆው በ1100 ዲግሪ ገደማ ቀልጦ፣ በአፍ እየተነፋ ፎርማ ውስጥ ይገባል። ፎርማው ቀድሞ የእንጨት ነበር፣ በኋላ የብረት ሆነ። ቅርጹ ወጣ ገባ ስለሆነ ፎርማው ውስጥ ማዞር አይቻልም፤ ስለዚህ ጎኑ ላይ ፈዘዝ ያለ የመገጣጠሚያ መስመር ቢያዩ አይደንግጡ። መጠርጠር ያለብዎት መስመሩ ጎላ ብሎ፣ ጣት ላይ እየቆረቆረ እስከ አፉ ጫፍ ሲወጣ ነው። ያ በማሽን ተጨፍልቆ የተሠራ ነው።

አሁን ወፍራም ፎጣ ላይ ገልብጡት፣ የስልክዎን ባትሪ ከጎን ያብሩበት። ዓመታት ያገለገለ ዕቃ ጠረጴዛ የሚነካው ክፍሉ ላይ ብቻ፣ በየአቅጣጫው የሚሄዱ ፀጉር የሚያካክሉ ጭረቶች ይኖሩታል። ጭረቶቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄዱ የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ነው። የተቀረጸ ፊርማ ካለ በአጉሊ መነጽር ይዩት፦ የቆየ ከሆነ ጭረቶቹ ፊደሎቹን አቋርጠው ያልፋሉ። ፊርማው ጭረቶቹን ከቆረጠና ቦዩ ውስጥ ነጭ ዱቄት ከቀረ፣ ትናንት የተጻፈ ነው ብለው ይያዙት።

ፊርማ ማጣት ብቻውን ግን ሐሰተኛ አያሰኝም። በ1990 እ.ኤ.አ. የተዘጋው የፊንላንዱ ሪሂማኪ ፋብሪካ ብዙ ማራኪ ማስቀመጫዎችን ስቲከር ብቻ ለጥፎ ነበር የሚሸጠው። ስቲከሩ ሲወድቅ የሚቀረው ቅርጹና ቀለሙ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ድሮ ከስዊድኖች የተሰጣት ማስቀመጫ ውስጡ ነጭ ደመና ይዟል። በረኪናም ሽቦም ሞክሬ አልለቀቀም።
(ከፒያሳ)

መልስ፦ እባክዎ ሽቦውን ዛሬውኑ ያቁሙ፤ የሚተወው ጭረት አይድንም። በረኪናም የውሃ ድንጋይን አያሟሟም።

መጀመሪያ ደመናው ምን እንደሆነ ይለዩ። አንዱ ዓይነት ውሃ ሲተን የተወው ካልሲየም፣ ማለትም የውሃ ድንጋይ ነው። ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድብ ከሚመጣው ይልቅ የጉድጓድ ውሃ ላይ ይበረታል፣ በአሲድ ግን ይሟሟል። ሁለተኛው የብርጭቆው የራሱ ሕመም ነው፦ ውሃ ለወራት ሲቀመጥበት ሶዲየሙን መጦ ያወጣና ገጹን በዓይን በማይታዩ ስንጥቆች ይሞላዋል። ሁለቱም ሲረጥቡ ይጠፋሉ፣ ሲደርቁ ይመለሳሉ፤ ስለዚህ በዓይን ብቻ አይለዩም። የሚለያቸው አቼቶ ነው።

ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የፈሳሽ ሳሙና ጠብታዎች ይጠቡት። ቀጥሎ አንድ እጅ ነጭ አቼቶ ከአንድ እጅ ለብ ያለ ውሃ ጋር ቀላቅለው ከደመናው በላይ ድረስ ይሙሉት፣ ለ8 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ይተዉት። አቼቶ ከሌለ የ4 ሎሚ ጭማቂ በግማሽ ሊትር ውሃ ይሠራል። አንገቱ ጠባብ ከሆነ አንድ እፍኝ ጥሬ ሩዝ ጨምረው ቀስ ብለው ያሽከርክሩት፤ አሸዋ ግን በጭራሽ። አለቅልቀው በነጠላ ጨርቅ ውስጡን ያድርቁ። ወርቅ ቅብ ወይም በቀለም የተሳለ ከሆነ አሲዱ ቀለሙን እንዳይነካ። ከባድ ክሪስታል (እርሳስ የተባለ መርዛማ ብረት ያለበት ብርጭቆ) ከሆነም አሲዱን ከአንድ ሰዓት በላይ አያቆዩበት፣ ፈሳሹንም ይድፉት።

ሁለት ጊዜ ደጋግመው ካልለቀቀ ብርጭቆው ራሱ ታሟል፤ በቤት ውስጥ መድኃኒት የለውም። አበባ ሊያደርጉበት ከፈለጉ ውስጡ ትንሽ ኩባያ ያስገቡና ውሃውን እሱ ይያዝ።

እግረ መንገድ፦ አንዳንድ ሻጭ ይህን ደመና ውስጡን ዘይት ቀብቶ ይደብቀዋል። ሲገዙ ውስጡን በሶፍት ጠረግ አድርገው ይዩ፤ ከወዛ ታጥቦ ሲደርቅ ካላየሁት አልከፍልም ይበሉ።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም 7ኛ ፎቅ ነኝ። ከታች ግንባታ አለ፣ አቧራው አያባራም፣ ከባድ መኪና ሲያልፍ ቡፌው ይንቀጠቀጣል። ብርጭቆዎቼን የት ላድርጋቸው?
(ከልደታ)

መልስ፦ የግንባታ አቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ከብርጭቆ ይጠነክራል። በደረቅ ጨርቅ ሲያብሱት ብርጭቆውን እየቧጠጡት ነው። መጀመሪያ በውሃ ያውርዱት፣ ከዚያ ይንኩት። ሳህን ማጠቢያ ውስጥ ሳይሆን ከታች ፎጣ በተነጠፈበት የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ፣ አንድ በአንድ ይጠቡ። አንገቱን ይዘው አያንሱት፤ ሁለተኛው እጅ ከመቀመጫው ሥር ይሁን። ከሌሊት ብርድ የመጣን ወፍራም ብርጭቆ ሙቅ ውሃ አይንካው፣ ይሰነጠቃል።

ንዝረቱ ዕቃን በትንሽ በትንሹ ያስጉዘዋል። ከእያንዳንዱ ሥር ግልጽ የሲሊኮን እግር በ3 ቦታ ይለጥፉ፣ በዕቃዎቹ መካከል 4 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። ድፍን የሆኑትን ከታች መደርደሪያ ያድርጉ። ውሃ የሞላ ወይም ድፍን ክብ ብርጭቆ ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው መስኮት ላይ አይሁን፤ ጨረሩን እንደ ሌንስ ሰብስቦ መጋረጃ ሊያቃጥል ይችላል።

ጥያቄ፦ የስዊድን ክሪስታል ማንቆርቆሪያ አለኝ። ጠጅ ባስቀምጥበትስ?
(ከፒያሳ)

መልስ፦ ማቅረብ ይችላሉ፣ ማስቀመጥ ግን አይሆንም። የድሮው ክሪስታል ውስጥ እርሳስ አለ፤ በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ መመሪያ «የእርሳስ ክሪስታል» የሚለው ቢያንስ 24 በመቶ የእርሳስ ኦክሳይድ ያለበትን ነው። ጠጅ ደግሞ አሲድነት ስላለው እርሳሱን ቀስ በቀስ ይስባል። አረቄም ቢሆን አይክረምበት። ለእንግዳ ይቅዱበት፣ የተረፈውን በዚያው ምሽት ወደ ጠርሙሱ ይመልሱ።

ጥያቄ፦ እህቴ ከስቶክሆልም ትመጣለች። ጀማሪ ነኝ፤ ምን ይዛልኝ ትምጣ?
(ከሰንጋተራ)

መልስ፦ ሎፒስ ከሚሉት የአሮጌ ዕቃ ገበያ «ስኖቦል» የተባለውን የስዊድኑ ኮስታ ቦዳ ብርጭቆ ፋብሪካ የሻማ ማስቀመጫ ትፈልግልዎ። አን ቬርፍ በ1973 እ.ኤ.አ. የነደፈችው ነው፤ ወፍራም ነው፣ በቀላሉ አይሰበርም፣ ሻማ ሲበራበት እንደ በረዶ ኳስ ይደምቃል። ጫፎቹን በጣቷ ጥፍር ትዳስስ፤ ጥፍር የሚይዝ ቦታ ካለ ተሸርፏል፣ ትተወው። ባዶውን በካልሲ ሞልታ፣ በልብስ ሁለት ዙር ጠቅልላ ሻንጣው መሀል ታድርገው፤ ከየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ልብስ ይኑር።