«አያሟርቱ» ብለን አባቴን ዝም አሰኘናቸው

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሰበታ ነው። የ72 ዓመት አባቴ ኩላሊታቸው እየደከመ ነው። ሐኪሙ ወደፊት የኩላሊት እጥበት ሊያስፈልጋቸው እንደሚችል ነግሮን፣ ምን እንደሚፈልጉ ከአሁኑ እንድንነጋገር መከረን። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ አባቴ «እኔ እንኳ ማሽን ላይ ታስሬ አልከርምም» ሲሉ ታላቅ ወንድሜ «አያሟርቱ!» ብሎ አቋረጣቸው። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሡትም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከባዱን ነገር አባትሽ ተናግረውታል፤ የጎደለው የሚጠይቃቸው ሰው ነው። ወንድምሽን አትቀየሚው። እኔም እናቴ የታመመች ጊዜ «ተይ፣ እንዲህ አትበዪ» ባይ ነበርኩ። ነገር ግን ለቀብራችን በየወሩ እድር እንከፍላለን፤ ቤቱን ማን እንደሚወርስ ምስክር አቁመን እንናዘዛለን። ከሞት በፊት ስላሉት ወራት ሲነሣ ብቻ ሟርት የሚሆነው ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሰው በሌለበት ሰዓት «አባባ፣ ስለ ማሽኑ ያሉትን አልረሳሁትም፤ ምኑ ነው የከበደዎት?» በያቸውና ዝም ብለሽ ስሚ። እጥበት ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ምናልባት ያስፈራቸው በዓለም ገና እና በአየር ጤና በኩል ወደ አዲስ አበባ ያለው ምልልስ ይሆናል። ወጪው ልጆቼን ያደኸያል ብለውም ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ መላ ይፈለጋል። ሕክምናውን በእርግጥ የማይፈልጉት ከሆነ ግን ምርጫው የእሳቸው ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ሰው ሕክምናን እንቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። እጥበት ቀረ ማለት ደግሞ ሐኪም ተዋቸው ማለት አይደለም፤ ለማሳከኩም፣ ለትንፋሽ ማጠሩም፣ ለሕመሙም ማስታገሻ አለ።

አትዘግዪ። ኩላሊት እየደከመ ሲሄድ በደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ አእምሮን ሊያደናግር ይችላል። ሐኪሙ «ከአሁኑ» ያለው ያለ ምክንያት አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትጠይቂያቸው እንዳትነሺ፦ መናገር ቢያቅታቸው ማን ይናገርላቸው? ወንድምሽን ቢመርጡ አትከፊ። እንዲያውም ያኔ እሱ ራሱ ቁጭ ብሎ ሊሰማቸው ይገባል፤ እንቢ ካለ የንስሐ አባታቸው ባሉበት ይነገረው። ያሉትን ጽፈሽ መልሰሽ አንብቢላቸው፤ ሐሳባቸውን ከቀየሩ አስተካክዪው። በሚቀጥለው ቀጠሮም ሐኪሙ ካርዳቸው ላይ እንዲያሰፍረው ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂ።